ለምትሮጡ ተማሪዎች፦ ፈረቃችሁን እያያችሁ ተለማመዱ

ልጆች፣ ይህ በሱሉልታና በሰንዳፋ እየተማራችሁ ለምትሮጡ ነው። «ጊዜ አጣን» ትላላችሁ። እኔ የማየው ግን የእንቅልፍ እጦት ነው።

የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ከባድ ልምምድ ከሠራ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተሩን ተንተርሶ ያንቀላፋል። ስለዚህ ከባዱን ልምምድ፣ ለምሳሌ 6 ጊዜ 1,000 ሜትር፣ ማክሰኞ ከትምህርት መልስ 10 ሰዓት ላይና ቅዳሜ ጠዋት ብቻ አድርጉት። ከቀሩት ቀናት አንዱን ዕረፉ፤ በሌሎቹ 40 ደቂቃ ሶምሶማ ይበቃል። እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ሶምሶማ መሆኑ ቀርቷል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ጓደኛ ከጎን ካለ ደግሞ ሳይታወቅ ፉክክር ይሆናል።

ማታ 3 ሰዓት ተኝታችሁ 11 ሰዓት ተኩል ብትነሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ተኛችሁ ማለት ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ከልምምድ በፊት ይሠሩ፤ ከከባድ ሩጫ በኋላ አእምሮ ከማንበብ ያለፈ አይሸከምም።

ሩጫው ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ሙዝም ጨምሩ። ከፍታ ላይ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ለማብዛት ብረት ይፈልጋል። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጨምቁ፤ ሻይ ግን ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ብረቱ እንዳይሰርጽ ያግዳልና አንድ ሰዓት ይቆይ። (ይህን ለእናቶች ማስረዳት ከሩጫው ይከብዳል፤ ሻይ ያልቀረበበት ምሳ ምሳ አይመስላቸውም።) ሴቶች ልጆች፣ የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ጉዳዩ የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩና ደብተር ላይ ጻፉ። ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከቆየ ያን ቀን ልምምድ የለም፤ አሰልጣኙም ቁጥሩን ካየ አይከራከርም። ቅልጥማችሁን በጣት ስትጫኑት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነጥሎ ካመማችሁም መሮጥ አቁማችሁ ታከሙ።

በፈተና ሰሞን ርቀቱን በግማሽ ቀንሱ፣ በሳምንት አንድ አጭር የፍጥነት ልምምድ ግን አትተዉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ብታሳልፉ አቋማችሁ አይወርድም። ፈረቃ በተቀየረበት ሳምንት ደግሞ ማክሰኞን በሶምሶማ እለፉት፤ እንቅልፉ እስኪስተካከል ሦስት አራት ቀን ይወስዳል።