«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለህ እንዳትፈርም

ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አለቃ አጠፋ፣ ሠራተኛ አየ፣ አሁንስ?

ፒያሳ አካባቢ ካለ ሆቴል፦ ለጡረታ በየወሩ ይቆረጥብኛል፣ ግን ገቢ አይደረግም። ባመለክት ያባርረኛል?

ማባረሩንማ ሊያባርርህ ይችላል፣ ሕጉ ግን አይደግፈውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26 አሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ለጡረታው የደመወዝህ 7 በመቶ ካንተ፣ 11 በመቶ ከአሠሪህ ነው መግባት ያለበት። መጀመሪያ ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ የፈረምክበትን መስመር በስልክህ አንሳ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅና ባንተ ኮፒ ላይ ማህተምና ቀን አስመታ፣ አለዚያ ነገ «አልደረሰንም» ይሉሃል።

ከአዘዞ፦ የመጋዘን ጉድለት ስለተናገርኩ ከተባረርኩ ወር አለፈኝ። ሽማግሌ ልኬያለሁ። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለህ ካልፈረምክ የሥራ ልምድ አንሰጥህም ብለውኛል።

እንዳትፈርም! ከፈረምክ የተባረርክ ሳይሆን የለቀቅክ ትሆናለህ። የሥራ ልምዱን የመስጠት ግዴታ አዋጁ ራሱ ጥሎባቸዋል። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ችግር የለውም፣ ግን ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳልና ሽማግሌዎቹ ቡና እየጠጡ ቀጠሮ ሲያራዝሙ ጊዜው እንዳያልፍብህ (ስንቱ በዚህ ተበልቷል መሰለህ)። ቅሬታ በማቅረብህ መባረርህ ከተረጋገጠ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። መመለስ ካልፈለግክ ካሳ አለ፤ የቀን አማካይ ደመወዝህ በ180 ተባዝቶ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያም ተጨምሮበት።

ከአንድ አባት፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ። ሌሊት ናፍጣ ሲቀዳ አይቻለሁ። ጠቋሚን የሚጠብቅ አዋጅ አለ አሉኝ።

አባቴ፣ አለ፣ 699/2003። ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው፣ ያውም ጠቋሚው ወይም ቤተሰቡ ከባድ አደጋ ሲያሰጋው። ጥቂት ጀሪካን እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ከላይ የጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156ም የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፣ አንቱ የሚተዳደሩት በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው። ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ታርጋ ይጻፉ። «ሌባ» የምትለዋን ቃል ይተዉአት፣ ያዩት ይበቃል። ሰውን እያወቁ በሐሰት መወንጀል ራሱ ያስቀጣል።

ከአንድ የሱቅ ሠራተኛ፦ ስሜን ሳልጽፍ ብጠቁምስ?

ትችላለህ። ግን ሦስት ሆናችሁ በምትሠሩበት ሱቅ ማን እንደጻፈው ለማወቅ ብዙ አይቸገሩም። በኋላም «ያባረረኝ ስለጠቆምኩ ነው» ካልክ ጠቋሚው አንተ መሆንህን ማስረዳት አለብህ።