ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ሕንፃ፣ ዞኒንግና የትንሽ ከተማ ካውንስል

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ አሜሪካ የሚገኝ አንድ ሰበካ ጉባኤ ከትልቁ ከተማ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ የቀድሞ የቤት ዕቃ መሸጫ ሊገዛ ነው። ደላላው «ዞኒንጉ ችግር የለውም» ብሏቸዋል (ዞኒንግ የትኛው ቦታ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚወስነው ደንብ ነው)። ጠያቂያችን ማወቅ የፈለጉት ካውንስሉ (የከተማው ምክር ቤት) ሂሪንግ (የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ) ሲጠራ ምእመናኑን በሙሉ ይዘው ይቅረቡ ወይስ አስቀድመው ሽማግሌ ልከው አባላቱን ያነጋግሩ የሚለውን ነው።

ከሁለቱም በፊት ቀብዱ ይታሰብ። የደላላ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ከፕላን ክፍሉ የዞኒንግ ማረጋገጫ ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። በዚያ ዞን የአምልኮ ቦታ ያለምንም ሂሪንግ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ በልዩ ፈቃድ ብቻ የሚፈቀድ ሊሆን ይችላል (ስፔሻል ዩዝ ወይም ኮንዲሽናል ዩዝ የሚሉት ነው)፤ ወይም ጭራሽ የማይፈቀድ ሆኖ የቦታውን ዞን ማስቀየር ይጠይቅ ይሆናል። ልዩ ፈቃድ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል። የሽያጭ ውሎች ግን ለማጣሪያ የሚሰጡት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 45 ቀን ነው፤ ቀብድ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። 180 ቀን ጠይቁ፤ «ፈቃዱ ተሰጥቶ የይግባኝ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ቀብዱ ተመላሽ ነው» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ሻጩ አሻፈረኝ ካለ ሌላ ሕንፃ ፈልጉ።

ወሳኙ አካል ማን እንደሆነም አጣሩ። የከተማ ስም ያለው ቦታ ሁሉ የራሱ ካውንስል የለውም፤ የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምሳሌ የምትተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። አንዳንድ ቦታ ካውንስሉ ራሱ ይወስናል፣ ሌላ ቦታ የዞኒንግ ቦርድ ይወስናል፣ ሌላው ጋ ደግሞ የፕላን ኮሚሽን ሐሳብ ሰጥቶ ለካውንስሉ ያስተላልፋል። (ሂውስተን ያላችሁ ዞኒንግ የሚባል ነገር ስለሌለ ዕድለኞች ናችሁ፤ ይዞታው ላይ የተመዘገበ ገደብ መኖሩን ግን እዩ።)

አሁን ወደ ሽማግሌው። እኛ ዘንድ ነገር ከመካረሩ በፊት አባቶችን መላክ ወግ ነው። ልዩ ፈቃድ ላይ ግን የካውንስሉ አባላት በአብዛኛው ቦታ የሚቀመጡት እንደ ዳኛ ነው፤ መወሰን ያለባቸው በአደባባይ በሰሙትና በፋይሉ ባለው ብቻ ነው። ቀሲስና ሁለት ሽማግሌ አንዱን አባል ቤቱ ሄደው ቢያነጋግሩት አባሉ ያንን በስብሰባው ላይ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ራሱን ከድምፅ ሊያገልም ይችላል። የምትፈልጉትን ድምፅ ራሳችሁ አጠፋችሁት ማለት ነው። ተቃዋሚ ጎረቤትም ውሳኔውን ፍርድ ቤት ለማስፈረስ ይዞት ይሄዳል። ዞን ማስቀየር ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ያ ብዙ ቦታ ሕግ እንደ ማውጣት ስለሚቆጠር አባላቱን በግልጽ ማነጋገር በአብዛኛው ይቻላል። የእናንተ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ የከተማውን ጸሐፊ ጠይቁ። ሽማግሌዎቹን ለጎረቤቶች አድርጓቸው። የሂሪንጉ ማስታወቂያ በፖስታ ከመድረሱ በፊት አጥር የሚጋሯችሁን ቤቶች አንኳኩ፣ ፕላኑን አሳዩ፣ ምን እንደሚያስጨንቃቸው መዝግቡ።

የምእመኑ ብዛት ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ውሳኔው በአመዛኙ የሚያልቀው የፕላን ባለሙያው ከስብሰባው ጥቂት ቀናት በፊት በሚያወጣው ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ የሚመሠረተው ደግሞ እናንተ ባስገባችሁት የአጠቃቀም መግለጫ ላይ። «እሑድ ጠዋት አምልኮ» ብሎ መጻፍ ወጥመድ ነው። የሌሊቱን ኪዳንና ማኅሌት፣ የፍልሰታን 15 ቀን ቅዳሴ፣ ሰሙነ ሕማማትን፣ የትንሣኤንና የገናን ሌሊት፣ ዓመታዊ ንግሡን፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱን፣ ክርስትናና ሰርጉን፣ ተስካሩን ሁሉ ቀንና ሰዓት እየሰጣችሁ ዘርዝሩ። ሰዓቱ በፈረንጅ ይሁን፤ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» የሚለው እንዳለ 9 ሆኖ ከገባ ፈቃዱ ላይ እንደዚያው ይጸናል። ያልጻፋችሁት ነገር እንዳልተፈቀደ ይቆጠራል። የሕዝቡን ቁጥርም አትቀንሱ። ማመልከቻው 150 ሰው እያለ ዩቲዩባችሁ ላይ የንግሥ ዕለት 500 ሰው ከታየ ጎረቤት ያንን ፎቶ አትሞ ሂሪንግ ላይ ያቀርበዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውንም ቁጥራችሁን የሚያምን የለም። «በተራ እሑድ 150፣ በዓመት ለሁለት ቀን 500፤ ለእነዚያ ቀናት ከአጠገቡ ትምህርት ቤት የተፈረመ የፓርኪንግ ስምምነትና ሹትል አለን» ቢባል ይሻላል።

ብዙ የሕንፃ ዕቅድ ውድቅ የሚሆነው በወለል ስሌት ነው። ሱቅ ወደ አምልኮ ቦታ ሲቀየር በሕንፃ ኮዱ የአጠቃቀም ለውጥ ነውና በአዲስ መለኪያ ይታያል። አብዛኛው ስቴት በሚከተለው ኮድ የማይነቃነቅ መቀመጫ የሌለው አዳራሽ በወንበር ሲሆን ለአንድ ሰው 7 ስኩዌር ፊት፣ ቆሞ ለሚገለገል ደግሞ 5 ስኩዌር ፊት ተብሎ ይሰላል። ምንጣፍ ብቻ የተነጠፈበት 2,400 ስኩዌር ፊት አዳራሽ በወንበር 342 ሰው ይሆናል፤ ኢንስፔክተሩ የቆመ ሕዝብ ነው ካለ 480። 300 ከደረሰ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሣ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ) ግዴታ ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ የውኃ መስመሩ ግፊት ላይበቃ ስለሚችል ታንከርና ፓምፕ ይታከልበታል፤ ከሕንፃው ዋጋ የሚወዳደር ወጪ ሊሆን ይችላል። አርክቴክቱ መቅደሱን፣ የጫማ ማስቀመጫውንና መተላለፊያውን ለይቶ ያስላ፤ የምእመናኑ ቦታ 2,000 ስኩዌር ፊት ሆኖ በወንበር ቢሰላ 285 ነው። 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ አዳራሽ ሁለት መውጫ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በርና ተገፍቶ የሚከፈት የብረት መቀርቀሪያ ይፈልጋል።

ፓርኪንግም ከዚሁ ቁጥር ይወጣል። ብዙ ከተማ ለ4 ሰው አንድ መኪና ይላል፤ ለ3 የሚሉም አሉ። 285 ለ4 ሲካፈል 72 ቦታ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 3ቱ ለአካል ጉዳተኞች። መዞሪያውን ጨምሮ አንድ መኪና 325 ስኩዌር ፊት ገደማ ስለሚወስድ አስፋልቱ ብቻ ከግማሽ ኤከር ይበልጣል። የጎረቤት ቦታ ከተጠቀማችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ብዙ ቦታ መመዝገብም አለበት። ከተማዋ የፍሳሽ መስመር ከሌላት ሴፕቲኩን (ግቢው ውስጥ የተቀበረውን የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ሳታስመረምሩ አትፈርሙ። ለአምስት የሱቅ ሠራተኛ የተሠራ ሴፕቲክ የእሑድ ሕዝብንና የማኅበር ድግስን አይችልም፤ ይህንን የሚወስነው ደግሞ የካውንቲው ጤና ቢሮ እንጂ ካውንስሉ አይደለም።

የሂሪንጉ ዕለት ለአመልካቹ የተወሰነ ደቂቃ፣ ለሕዝቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በነፍስ ወከፍ 3 ደቂቃ ይሰጣል። አንድ ሰው ያቅርብ፣ የትራፊክ ባለሙያው ወይም አርክቴክቱ ይከተል፣ ከደጋፊ ሦስት የከተማዋ ነዋሪ ይናገር። ሌላው ሲጠራ ተነሥቶ ይቀመጥ። 200 ሰው ይዞ መምጣት ጎረቤት ስለ መኪና የሚያነሳውን ስጋት በዓይን ማሳየት ነው።

ከአምስቱ አባላት አራቱ ብቻ ከተገኙ ቀጠሮ እንዲዛወር ጠይቁ፤ 2 ለ2 ከወጣ ማጽደቂያው ወደቀ ማለት ነውና። ነፋሱ ሲዞር ካያችሁ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት «ማመልከቻችንን ዊዝአውት ፕረጁዲስ እናነሳለን» በሉ፤ እንደገና የማመልከት መብታችሁ ተጠብቆ ማለት ነው። አንዴ ከተከለከለ ብዙ ከተማ አንድ ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ጉዳይ አይቀበልም።

በሪፖርቱ መጨረሻ የሚዘረዘሩትን ግዴታዎች አንድ በአንድ አንብቡ። «ከምሽቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 7 ሰዓት እንቅስቃሴ የለም» የሚል ካለ (ይህ በፈረንጅ ነው) ማኅሌቱ አበቃ ማለት ነው። አስቀድማችሁ አማራጭ አምጡ፦ በእነዚያ ሰዓታት የውጭ ድምፅ ማጉያ አይኖርም፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ከበሮው ውስጥ ብቻ ይመታል። ቤተልሔሙ ከዋናው ሕንፃ ተለይቶ የሚሠራ ከሆነ አሁኑኑ ፕላኑ ላይ ይግባ፤ በኋላ ልጨምር ማለት ፈቃዱን እንደገና መክፈት ነው።

በ2000 የወጣው የሃይማኖት ተቋማትን የመሬት አጠቃቀም የሚጠብቅ የፌደራል ሕግም አለ። ከተማው ሌላውን መሰብሰቢያ ፈቅዶ ቤተ ክርስቲያንን ብቻ እንዳይከለክል፣ አምልኮንም ያለ በቂ ምክንያት ከባድ ሸክም እንዳይጭንበት ይከለክላል። ከማመልከት ግን ነጻ አያወጣም። በመጀመሪያው ሂሪንግ «እንከሳችኋለን» አትበሉ፤ ጠበቃው በሁለት መስመር ፋይሉ ውስጥ ይጥቀሰው፣ ይበቃል።

ከጸደቀም በኋላ የሕንፃ ፈቃድና የመጠቀሚያ ሰርተፊኬት ይቀራል፤ ሰርተፊኬቱ ሳይወጣ ቅዳሴ አትጀምሩ። ደመራ ከፋየር ማርሻል (የእሳት አደጋ መከላከል ኃላፊው) የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ የእንጨቱን ቁመትና ከሕንፃ ያለውን ርቀት እሱ ይወስናል፣ ስለዚህ በነሐሴ ጠይቁ። ልዩ ፈቃዱ በብዙ ቦታ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ካልተጀመረበት ይቃጠላል፤ የገንዘብ ማሰባሰቡ ከዘገየባችሁ ማራዘሚያውን ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አስገቡ።