ግማሽ ኪሎ ቡና ይዛችሁ ውጡ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ከገጠር ተመልሶ ደሴ ሸዋ በር ካለው ቤቴ ቡና ሊጠጣ ገባ። ፊቱን ፀሐይ መትቶታል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ደስታው ግን ከበር ጀምሮ ይታያል። «ጋሼ፣ አራት ቀን ስዞር ከመኪና በቀር አምስት ሳንቲም አላወጣሁም» አለኝ። የት አደርክ? ሰው ቤት። ምን በላህ? ያቀረቡልኝን። እኔም በሱ ዕድሜ እንዲሁ ስል ስለ ነበር አልተቆጣሁትም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ያን ዕለት ለሱ ሳልነግረው የቀረሁትን ለመንገር ነው።

ዕድሜዬን ሁሉ ሒሳብ ሹም ነበርኩ። በ1978 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ በ347 ብር ደመወዝ ተቀጠርኩ። የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ለእናቴ የምልከው ተልኮ፣ ለመንገድ የሚተርፈኝ በወር ከ20 ብር አያልፍም። በዚያች ብር ነው ወሎን የዞርኩት። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ከጉዞ በተመለስኩ ቁጥር በትንሽ ደብተር እመዘግብ ነበር፤ በግራ የከፈልኩትን፣ በቀኝ ሰው ያደረገልኝን። ዛሬ ደብተሩን ስገልጠው የግራው ዓምድ ምንም አይነግረኝም። ታሪፍ ነው፣ የአልቤርጎ ኪራይ ነው። ከቀኙ ግን አንድ መስመር ባነበብኩ ቁጥር ሰው ይመጣብኛል። ውርጌሳ ላይ ዝናብ ሲይዘን ጋቢውን ግማሽ ያለበሰኝ ሽማግሌ፣ መርሳ ላይ «ይኼ ለመንገድህ» ብላ ሁለት ብርቱካን የጨመረችልኝ ነጋዴ።

በጥቂት ብር ስለ መጓዝ ብልሃት የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ዋናው የገበያ ቀን ማወቅ ነው። ባቲ የሚገበየው ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መኪና አይጠፋም፣ ከሰዓት በኋላም ተመላሹ ብዙ ነው። ገበያ በሌለበት ቀን ግን መኪናው እስኪሞላ መነኸሪያ ውስጥ ግማሽ ቀን ትቀመጣላችሁ። ሌሊት 11 ሰዓት መነኸሪያ የደረሰ ሰው ወንበር ይመርጣል፤ አርፍዶ የመጣ ረዳቱ በሰጠው ቦታ ይሄዳል። በሶ ከቤት ያዙ፤ ውኃ ካለ ምሳ አለ ማለት ነው። ጋቢ ደግሞ አትርሱ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል፣ ባቲ ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች። በአንድ ጠዋት ከብርድ ወደ ሐሩር ነው። ጋቢ ብርድ ልብስም፣ ትራስም፣ ጥላም ይሆናል።

ባቲን ካነሣሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግመል ተራ አጠገብ ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት ተቀምጬ አንድ ደላላ ሲያስማማ አየሁ። ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ከከሚሴ በኩል ለመጣው በኦሮምኛ፣ ለወሎዬው ነጋዴ በአማርኛ፣ አንዱን ቃል ሳይጨርስ ወደ ሌላው ቋንቋ ይሻገራል። ሲደክመው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «ምን ልትገዛ ነው የመጣኸው?» አለኝ። «ለማየት ብቻ» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና ቀና ብሎ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስል ነበር። ከዚያ «እውነትክን ነው» ብሎ ተነሣ። ያን ቀን ያወጣሁት የደርሶ መልስ ታሪፍና የሻይ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ መቅደላን ለማየት ተነሣሁ። ጥቅምትን የመረጥኩት መንገዱ ስለሚደርቅና አገሩ ስለሚያምር ነው። ከኩታበር አልፈን ወደ አጅባር ስንጓዝ ሎንችናው ተበላሸ፤ ሾፌሩም እስከ ነገ አይነሣም አለ። ሌላው መንገደኛ ወደ ዘመዱ ተበተነ። እኔ ዘመድ የለኝም፣ ብርዱም እየበረታ ነው። ጭስ ወደሚወጣባት አንዲት ጎጆ ሄጄ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» አልኩ። አንዲት እናት «ግባ ልጄ» አሉኝ፤ ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ እንኳ ሳይጠይቁ።

ሴትየዋ እስላም ነበሩ። በእሳቱ ብርሃን አንገቴ ላይ ማተቤን ሲያዩ አንድ ነገር አሳሰባቸውና «አብሽር ልጄ፣ ድስቱ ሥጋ ያልነካው ነው» አሉኝ። ልቤ ተነካ። እኔ ሳልጠይቅ የኔን ሃይማኖት የጠበቁልኝ እሳቸው ናቸው። ሽሮ በትኩስ እንጀራ ቀረበ። «አፈር ስሆን ብላ» እያሉ ሲጨምሩልኝ እኔም እየበላሁ፣ በልቤ ደግሞ ዛሬ ምንም ሳላወጣ ልውል ነው እያልኩ አሰላ ነበር። ይህን አልደብቃችሁም። መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎልኝ ተኛሁ።

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ትንሿ ልጃቸው በጣሳ ዱቄት ይዛ ከጎረቤት ስትመጣ አገኘኋት። «ከየት ነው?» አልኳት። «ከእነሱ ቤት» ብላ በእጇ አሳየችኝ። «የማታውንም ለአንተ ብለን ከእነሱ ነው የተበደርነው።» ልጅ አይዋሽም። ቆሜ ማሳውን አየሁት። የገጠር ልጅ ባልሆንም ያን ጊዜ ገባኝ። አዝመራው ገና አልታጨደም፣ የአምናው እህል ደግሞ ከጎተራው አልቋል። ለእኔ መልካም የነበረው ጥቅምት ለዚያ ቤት የዓመቱ ክፉ ወቅት ነበር። 10 ብር አውጥቼ ለሴትየዋ ሰጠሁ። ቅር አላቸው። «ልጄ፣ ቤቴን ሆቴል አታድርግብኝ» አሉና እጄን ወደ ኪሴ መለሱት።

መቅደላ በማግስቱ ወጣሁ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ፣ ገደል ለገደል መንገድ እየተጠረገለት ወራት ሙሉ ተጎትቶ እዚያ ደረሰ፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው አምባ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። ከዚያ በፊት ታሪኩን ሳነብ የማስበው ስለ ንጉሡ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ግን ብረቱን እየዳሰስኩ ያ ሁሉ ጎታች በመንገድ የበላው የማንን እህል ነው ብዬ አሰብኩ። ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ የሚያበላው ገበሬ ነበር። የነዚያን ቤቶች ዝርዝር የጻፈ የለም። እኔም የማታው እራቴን በቀኙ ዓምድ መዝግቤ ከጎኑ ስንት ብዬ ልጽፍ? ባዶ ተውኩት።

ልጆቼ፣ በጥቂት ብር ተጓዙ። ገንዘብ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው አገሩን ሳያይ ያረጃል። ነገር ግን ያላወጣችሁት ብር ከማን እንደወጣ ጠይቁ። የወሎ ሰው እንግዳ አይመልስም፣ የለኝም አይልም። «ቤት ያፈራውን» ሲላችሁ ቤቱ ያላፈራውንም ተበድሮ ሊሆን ይችላል። ብር ብትሰጡት ደግሞ ይቀየማችኋል። ስለዚህ ከቤታችሁ ስትወጡ ግማሽ ኪሎ ቡና፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና ያዙ። ስትገቡ ለእናቲቱ «ይቺን ከቤት ይዤ መጣሁ» ብላችሁ ስጡ፤ ስትወጡ አትስጡ፣ ያኔ ክፍያ ይመስላል። ቡናው ወዲያው ይቆላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ አቦል ቶና በረካ ሲባል እናንተም ከእንግድነት ወጥታችሁ የቤቱ ሰው ትሆናላችሁ። አልቤርጎ ባለበት ከተማ ግን አልቤርጎ እደሩ። የዚያ ሰው እንጀራ አልጋ ማከራየት ነውና ሰው ቤት ገብታችሁ ገቢውን አታስቀሩበት።

ጾሙንም ዕወቁ። በረመዳን መኪና ውስጥ አጠገባችሁ ያለው ሰው ጾመኛ ነውና በሶውን እስኪመሽ አስቀምጡት። ሐይቅ እስጢፋኖስ የምትሄዱ እህቶች ደግሞ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማይገባ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ቦታ ነው፣ ሥርዐቱም ጥንታዊ ነው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት ግን ለሁሉም ነው።

ዛሬ መንገዱ እኔ እንደዞርኩበት ጊዜ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ይህን ስጽፍ ያመኛል። መንገድ ሲዘጋ እናንተ መንገድ ላይ ቀራችሁ ብሎ ከመስማት በላይ የሚያስጨንቀኝ የለም። የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ፤ አትሂዱ ካሏችሁ ተመለሱ። የጦሳ ተራራ እንኳ ለደሴ ልጅ ቅርብ ነው፤ እሱን በደንብ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

የላሊበላውን ደግሞ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ለገና በወልድያ፣ በድልብ ዳገትና በጋሸና በኩል በመኪና ሄድኩ። ስደርስ የከተማው ወጣቶች ተሳላሚውን እያስቀመጡ እግሩን ያጥባሉ። ከጎኔ ያሉት እናት ብዙ ቀን በእግራቸው የተጓዙ ናቸው፤ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። አንዱ ወጣት ወደ እኔ ሲመጣ «እኔ በመኪና ነው የመጣሁት» ብዬ እግሬን ሰበሰብኩ። «መጥተዋል አይደል?» አለና እግሬን ይዞ ጫማዬን ፈታ። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ያን ዕለት ዝም ብዬ መቀበልንም ተማርኩ። እዚያ የምሰጠው ቡና አልነበረኝም፣ ቢኖረኝም አይሆንም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ወደዚያች ጎጆ ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ የሄድኩት በጥር ነው፣ እህል ከገባ በኋላ። 5 ኪሎ ስኳርና 2 ኪሎ ቡና ተሸክሜ ከመኪናው መንገድ ርቄ ስሄድ ትከሻዬ ዛለ። ሴትየዋ ገና ከደጅ አወቁኝ። «መኪናህ ዛሬም ተበላሸ?» አሉ። «አይ፣ ዛሬ እናንተን ብዬ ነው» ስላቸው በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ሳሙኝ። ቡናው ተቆላ። ስኳሩን እኔ ፊት ፈቱና ገና ለራሳቸው ሳይቀምሱ ያቺን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረዱ፤ አፏ ድረስ ሞሏትና ለልጅቱ ሰጡ። ልጅቱ የት እንደምትወስደው አልጠየቀችም።