ጎማዬ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ጥያቄና መልስ

ጎሚስታ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ጎማ የምትጠይቁኝ ስለበዛ እዚህ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ላይ ሚስማር ተሰክቷል፤ ግን አልተነፈሰም። ልንቀለው?

መልስ፦ አትንቀለው ወንድሜ። ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው ራሱ ሚስማሩ ነው። ነፋስ ሞልተህ ቀስ እያልክ ቅርብ ወዳለ ጎሚስታ ሂድ። እየተነፈሰ ከሆነ ግን ስኮርታህን እሰር። ቀዳዳው መሬት የሚረግጠው ክፍል ላይ ከሆነና ከ6 ሚሊ ሜትር ካልሰፋ አብዛኛውን ጊዜ ይጠገናል።

ጥያቄ፦ ጎሚስታው ጎማውን ሳያወልቅ ከውጭ በገመድ ወተፈልኝ። ይበቃል?

መልስ፦ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ ያደርሰዋል። ጥገና ግን አልለውም። ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ውስጡ መታየት አለበት። አንድ ደንበኛ ተንፍሶበት ትንሽ የነዳውን ጎማ አምጥቶልኝ ያውቃል። ከውጭ አዲስ ይመስላል። ስናወልቀው የጎኑ ውስጥ ዙሪያውን ተፍቆ፣ የጎማ ዱቄት ዘረገፈ። እንዲህ ያለውን ወትፎ መልቀቅ ሰው ላይ መፍረድ ነው። ውስጡ ደህና ከሆነ ቀዳዳው ይሞላል፣ ከውስጥም ይለጠፍበታል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቀዳዳው ካልተሞላ ውሃ ገብቶ የጎማውን ሽቦ ያዝገዋል።

ጥያቄ፦ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ የጎማዬ ጎን አበጠ። ነፋስ ግን አይቀንስም።

መልስ፦ ቀይሪው እህቴ፣ ዛሬውኑ። እብጠቱ የውስጡ ክር መበጠሱን ነው የሚናገረው። ነፋሱን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ጎኑ የተቀደደም ያው ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ ስለሚታጠፍ ልጣፊ አይዝለትም። እሰፋልሻለሁ የሚልሽን አትስሚው። ለስኮርታም አታስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ጥርሱ ገና ነው፤ ጎማው ግን ቆይቷል። ዕድሜውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጎኑ ላይ 4 አኃዝ ፈልግ። 2319 ቢል በ2019፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። 10 ዓመት ከሞላው፣ ጥርሱ ቢኖርም ይውጣ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ለጥገና ገንዘብ አታውጣበት። የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ጓደኛው ብዙ ካልተበላ ይቻላል። ከተበላ ግን ጥንድ ጥንድ ነው። ሁለት አዲስ ከገዛችሁ ከኋላ ይታሰሩ፤ በዝናብ ጊዜ የመኪናው ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዙታል።

ጥያቄ፦ ትናንት አስጠግኛለሁ። ነገ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ልሄድ ነው። ያሰጋኛል?

መልስ፦ ወልቆ ከውስጥ ከተሠራ አያሰጋም። ዛሬ ማታ ነፋሱን ለካ። ጠዋት ሳትነዳ ድገመው። ከቀነሰ ወደ ጎሚስታው ተመለስ፤ መንገዱ ይቆይህ።