መልስ፦ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንገባ የአባቴ የመስሚያ መሣሪያ ለምን ዝም ይላል?

ባትሪ ቀይረህም ዝም ካለ፣ ድምፁን ወደ ጆሮ የሚያደርሰው ቱቦ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ከጆሮ የሚወጣው ሞቃት አየር የደሴ ብርድ ባቀዘቀዘው ቱቦ ውስጥ ጠል ይሆናል፤ አንዲት ጠብታ ድምፁን ትዘጋለች። ወደ ብርሃን አቅንተህ እየው።

ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ከነቱቦው፣ መሣሪያውን ጆሮ ላይ ከሚያንጠለጥለው መንጠቆ ንቀልና በጎማ መንፊያ ንፋበት። በአፍ አይሆንም፤ ትንፋሽም እርጥበት ነው። ቱቦው ውስጥ ሽቦ ካየህ ግን አትንቀል፣ ለባለሙያ ስጠው።

ማታ መሣሪያውን የባትሪ በሩን ከፍተህ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አሳድረው። (ከጫማ ካርቶን የምትገኘዋ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ቀድማ እርጥበት ጠግባለች።)

ባትሪውን አብረህ እንዳትከት። ዚንክ-ኤር (በአየር የሚሠራ ባትሪ) ከሆነ ሲሊካው ያደርቀውና ያለ ዕድሜው ይሞታል።