ኦል ኢን ዋን ላይ ኤስኤስዲ ስታስገቢ «ያው ነው» የሚልሽን ሻጭ አትስሚ

«ኦል ኢን ዋን ኮምፒውተሬ ተከፍቶ እስኪያልቅ ቡና ይፈላል፤ ኤስኤስዲ ይገባለታል ወይ? ፒያሳ ነው የምሠራው፣ የት ላሳየው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ።

ይገባለታል። ኤስኤስዲ እንደ ሃርድ ዲስክ ፋይል የሚቀመጥበት፣ ግን በጣም የሚፈጥን ዕቃ ነው፤ ስለ ጥቅሙ ሌሎቹ መልስ ሰጪዎች ጽፈውልሻል፣ እኔ አልደግመውም። የኔም እንዳንቺው ኦል ኢን ዋን፣ ማለት ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ባለ 24 ኢንች፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ 8 ጊጋ ራም። ሜክሲኮ አካባቢ ትንሽ የሂሳብ ሥራ ቢሮ አለችኝ። በግብር ሰሞን ደንበኛ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም እስኪከፈት ሰዓቱን ሲያይ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።

1. ምንም ከመግዛትሽ በፊት ሞዴሉን እወቂ። ከጀርባው ወይም ከእግሩ ሥር ተለጥፏል። በዚያ ቁጥር የጥገና መመሪያውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ። የምትፈልጊው ኤም ዶት ቱ የሚባለው፣ ቀጭኑ ኤስኤስዲ ቦርዱ ላይ የሚሰካበት ማስገቢያ እንዳለውና፣ ካለው ደግሞ ከሁለቱ የኤስኤስዲ ዓይነቶች ሳታ ወይስ ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ እንደሚቀበል ነው። ከሌለው ነገሩ ቀላል ነው፤ ነባሩን ሃርድ ዲስክ አስወጥተሽ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ታስገቢበታለሽ። ሳታ ነው ብለሽ ቅር አይበልሽ። ነባሩ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያነበው፣ ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ኤንቪኤምኢ 3,500 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ለኤክሴልና ለፒችትሪ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅሽም።

2. ሳታንና ኤንቪኤምኢን አታምታቺ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

ስታዲየም አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መመሪያውን በስልኬ ከፍቼ «ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው የሚቀበለው» አልኩት። ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል «ያው ነው፣ ሁሉም ኤም ዶት ቱ ነው» አለኝ። እዚያው ኮምፒውተሬን ፈቱት፣ የሸጡልኝን ኤስኤስዲ አስገቡት። ልክክ ብሎ ገባ። ብሎኗም ጠበቀች። ሲያበሩት ባዮስ ላይ፣ ማለት ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተሰኩትን ዕቃዎች በሚያሳየው ገጽ ላይ፣ የለም። አወጡት፣ ጠረጉት፣ መልሰው አስገቡት፤ የለም።

ከዚያ አለቃቸው ተጠራ። አንዴ አየት አደረገና «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ብሎ ፈረደ። እንዴ! ጠዋት ስሠራበት የነበረ ኮምፒውተር እነሱ ጠረጴዛ ላይ ሞተ ማለት ነው? ለቦርዱ የጠራልኝ ብር ደግሞ ሌላ ደህና ኮምፒውተር ይገዛል። «እሺ ቦርዱ ይቅር፣ ኤስኤስዲውን መልሱልኝ» ስል በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ብከራከር፣ ብቆጣ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ኮምፒውተሬን አቅፌ ታክሲ ፍለጋ ወጣሁ።

ያዳነኝ ካዛንቺስ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ሃያ ሁለት አካባቢ ገብቷል። ከፈተው፣ አወጣው፣ ወደ ብርሃን ያዝ አደረገውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሳታ ነው» አለኝ። ወርቃማው ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ኤንቪኤምኢው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ባለ ሁለቱ ባለ አንዱ ማስገቢያ ውስጥ ሰተት ብሎ ስለሚገባ ነው ሰው የሚሸወደው። ማስገቢያው የሳታ መስመር ከሌለው ግን ዘላለም ቢቀመጥ አይታይም። ቦርዴ ምንም አልሆነም ነበር! ባለ ሁለት ቁርጥ ኤንቪኤምኢም አንዳንዴ ስለሚገኝ፣ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ፤ ኤንቪኤምኢ ወይም ፒሲአይኢ (ኤንቪኤምኢ የሚሠራበት መስመር ነው) የሚል መኖር አለበት። ርዝመቱንም እዪ። 2280 ማለት ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው።

አዲስ ነው ብለው የሰው ያገለገለ የሚሸጡም አሉ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳይሻል። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱልኝ በያቸው። ፊታቸውን ቢያጠቁሩ ያጥቁሩ።

3. ሲፈታ አጠገቡ ቁጭ በዪ። «ነገ ነይና ውሰጂ» ካሉሽ ይዘሽው ውጪ። ስክሪኑ ጨርቅ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነው የሚፈታው፤ ጠርዙን በካቻቢቴ የሚፈለቅቅ ሰው ካየሽ አስቁሚው፣ በስስ ፕላስቲክ ነው። ከስክሪኑ ወደ ቦርዱ የምትሄደው ቀጭን ገመድ ከተበጠሰች ጣጣው ከኤስኤስዲው ይበልጣል። የቢሮውን ሁለተኛ ኮምፒውተር በኋላ ራሴ ነው የፈታሁት፣ ያውም በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ። የአክስቴ ልጅ ኢንጂነር ነው፤ እሱ እንኳ አልደፈረም።

4. ኮፒ ይደረግ ወይስ አዲስ ዊንዶውስ ይጫን? አዲስ ይጫን። ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ወደ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ መገልበጥ ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም እንዲሁ በቀላሉ አይሆንም፤ የሚገለበጥበት ዲስክ ቢያንስ እኩል እንዲሆን ይፈልጋል። ደግሞ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? ኦል ኢን ዋን ባትሪ የለውም፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆየው ዩፒኤስ ከሌለሽ አትጀምሪው። ነባሩ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚቆይ ከሆነም ዊንዶውሱ ሲጫን ለጊዜው ይነቀል። ይሄን ያስተማረኝ የካዛንቺሱ ልጅ ነው። ካልተነቀለ የማስነሻው ክፍል አሮጌው ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ አሮጌው የሞተ ቀን አዲሱም አይነሳልሽም። ከዚያ በፊት ግን የፒችትሪ ዳታሽን ፍላሽ ላይ አውጪ፣ የአማርኛ መጻፊያውን የፓወር ግዕዝ መጫኛሽንም ፈልጊ። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ቀድመሽ ጻፊው፤ ያለ እሱ አሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል አታገኚውም።

አሁን ደንበኛዬ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ፒችትሪ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ያን አይመለስም የተባልኩትን ሳታ ደግሞ አልጣልኩትም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ገዝቼለት የቢሮዬ ባክአፕ ሆኗል። አንቺም እንደኔ ተርፎሽ ማቀፊያ የምትገዢ ከሆነ ሳታ ያነባል ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚያነብም አለ።