መልስ፦ ለጥንቁቅ ሰው የሚሆን የፋብሪካ ሥራ

ሰላም ወንድሜ። «ትንሽ ስህተት ዓይኔን ትቆረቁረኛለች፤ ፋብሪካ ውስጥ የትኛው ሥራ ይሆነኛል?» ላልከው፣ መጀመሪያ የጥራት ቁጥጥርን እይ፤ በተለይ የልኬት ምርመራን።

የዕቃው የቴክኒክ ስዕል 25 ሚሊ ሜትር፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.02 ካለ፣ 25.03 የወጣ ዘንግ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ አያልፍም። ይህን በካሊፐር (በተንሸራታች መለኪያ) መፍረድ አይቻልም፤ መሣሪያው ራሱ በዚያው ያህል ሊስት ይችላል። በብሎን እየጠበቀ ይበልጥ በትክክል የሚለካውን ማይክሮሜትር ያዝ። መንጋጋዎቹን ጥረግ፣ ዜሮውን አረጋግጥ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ባለው ራቼት (ግፊቱ ሲበቃ በራሱ የሚንሸራተት መያዣ) ብቻ አጥብቅ። በጉልበት ካጠበቅከው ንባቡ ያንስብሃል። ከማሽን ትኩሱን የወጣ ዕቃም አትለካ። የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር ብረት 10 ዲግሪ ሲጨምር 0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለዚህ ዕቃም የተፈቀደው ልዩነት 0.02 ብቻ ቢሆን፣ ከግማሽ በላዩን ሙቀቱ ብቻ በላው ማለት ነው!

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ኦፕሬተርነትም ይሆንሃል፣ ግን ስህተቱ ይቅር አይልም፦ 5.0 ለማለት 50 ካስገባህ መቁረጫው ከዕቃው ጋር ሊላተም ይችላል። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ በአየር ላይ ይሞከራል፤ ከዚያም የመጀመሪያው ዕቃ ሙሉ በሙሉ ሳይለካ ሁለተኛው አይቆረጥም።

የመድኃኒት ማሸጊያም አለ። እዚያ የሚያስፈራው የቀደመው ባች (በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት) አንድ መለያ ወረቀት መስመሩ ላይ መቅረቱ ነው፤ በየባቹ መሀል ማሽኑ ሥር ድረስ ይፈተሻል።

መዝገብ መሙላት የሚሰለችህ ከሆነ ግን አስቀድመህ አስብበት፤ የፈረቃው አንዱ ክፍል ቁጥር መጻፍ ነው።